ሐራራን ፍለጋ

ፍሬድሪክ ዘርቱርነር ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የማያውቅ ወጣት ነበር። በጀርመን ፓደርቦርን ከተማ ከአንድ መድኃኒት ቀማሚ ዘንድ ተቀጥሮ ይሠራል። በዘመኑ ሐኪሞች እጅ ከነበሩት መድኃኒቶች ሁሉ ኃይለኛውም አስቸጋሪውም ኦፒየም ነው። ከፖፒ ተክል ፍሬ የሚንጠባጠበው ወተት ሲደርቅ የሚሆነው ይህ ሙጫ አንዱን ሕመምተኛ በሰላም ሲያስተኛ የሌላውን ዓይን እንኳ አያስከድንም፤ ሦስተኛውን ደግሞ በዚያው ያስቀረዋል። በ1805 አካባቢ (በዚህ ትረካ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዘርቱርነር ከሙጫው ውስጥ ነጭ ክሪስታል ለይቶ አወጣ። የሰማው ግን አልነበረም። ከአስር ዓመት በላይ ቆይቶ ከሦስት ወጣቶች ጋር ተቀመጠና ክሪስታሉን አሟሙተው ጠጡ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደገሙ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሠለሱ። ፊታቸው ቀላ፣ ራሳቸው ዞረ፣ ዓይናቸው ተስለመለመ። ነገሩ ወደ መመረዝ ሲያዘነብል ኮምጣጤ አጠጥቶ አስታወካቸው። ውጤቱን በ1817 አሳተመ። ክሪስታሉ በግሪኮች የሕልም አምላክ በሞርፊየስ ስም ሞርፊን ተባለ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ኦፒየም የሚያደርገው ነገር ሁሉ የተክሉ ምሥጢር ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በሚዛን የሚለካ ኬሚካል ሆነ። ሐኪሞቹ ሱስንም እንደዚያው በሚዛን የሚገዙት መሰላቸው።

በ1850ዎቹ ቆዳ ሥር የሚወጋው መርፌ በኤደንብራና በሊዮን በተመሳሳይ ጊዜ ብቅ አለ። ኦፒየምን የሚርበው ሆድ ነው ብለው የሚያምኑ ሐኪሞች ነበሩ፤ እንደ እነሱ ግምት መድኃኒቱ በሆድ በኩል ካላለፈ ሱስ አይኖርም። የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ መርፌው ሱሱን አፋጠነው። በ1860 አልበርት ኒማን በጌቲንገን ከኮካ ቅጠል ኮኬይንን ለየ። በ1884 ደግሞ የቪየናው ወጣት ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ አዲሱን ዱቄት የሞርፊን ማርከሻ ይሆናል ብሎ ለወዳጁ ለኧርንስት ፎን ፍላይሽል አቀረበለት። ፍላይሽል አውራ ጣቱን ካጣ በኋላ ከማይለቅ የነርቭ ሕመም የተነሣ በሞርፊን የሚኖር ጎበዝ ተመራማሪ ነበር። ከመጀመሪያው ሱስ ሳይወጣ ሁለተኛ ተጨመረለትና በ1891 ሞተ። በ1898 የጀርመኑ ባየር ኩባንያ ከሞርፊን የተሠራ የሳል መድኃኒት ለገበያ አቀረበ፤ የንግድ ስሙ ሄሮይን ነበር።

የአሜሪካ መንግሥት በ1914 ኦፒየምንና ኮኬይንን በሕግ ሲያጥር ሱሰኛው ከሐኪም እጅ ወጥቶ ፖሊስ እጅ ወደቀ። እስር ቤቶቹ ተጣበቡ። በ1935 በኬንታኪ ግዛት ሌክሲንግተን ከተማ አጠገብ ግማሹ ሆስፒታል፣ ግማሹ ወህኒ የሆነ ሰፊ እርሻ ተከፈተ። የገቡት ላም ያልባሉ፣ አትክልት ይኮተኩታሉ። ከጃዝ ሙዚቀኞች ብዙዎቹ በዚያ በር አልፈዋል፤ ሶኒ ሮሊንስ አንዱ ነው። በግቢው ውስጥ የምርምር ማዕከል ነበረ። ለሙከራ ፈቃደኛ ለሆነ እስረኛ ከሚሰጡት ክፍያዎች አንዱ ራሱ ሞርፊን እንደነበር የአሜሪካ ምክር ቤት በ1975 ሲመረምር ተገልጧል። ከሱስ ያወጣናችኋል ብሎ ሰብስቦ በሱሱ መክፈል ምን ዓይነት ሕሊና እንደሚጠይቅ አላውቅም። ሆኖም ከዚሁ ግቢ ትልቅ አስተውሎት ወጣ።

አስተዋዩ ኤብርሃም ዊክለር የተባለ ሐኪም ነው። ሞርፊን ከቀመሱ ወራት ያለፋቸው፣ ሰውነታቸው የጸዳ ሰዎች በቡድን ተቀምጠው ጨዋታው ወደ መድኃኒቱ ሲዞር ያዛጋሉ፤ አፍንጫቸው ይፈስሳል፣ ዓይናቸው ያነባል። መድኃኒቱ በሌለበት ሐራራው ተነሣ ማለት ነው። ዊክለር ነገሩን ከፓቭሎቭ ውሾች ጋር አያያዘው። ውሻው ደወሉን ሰምቶ ለሃጩን እንደሚያዝረከርክ ሁሉ፣ ከሌክሲንግተን ጤነኛ ሆኖ የወጣው ሰው የድሮ ሰፈሩን ጥግ ሲያይ ሰውነቱ ያን ቀን የወሰደ ያህል ያመዋል። በ1940ዎቹ መጨረሻ ይህን ሲጽፍ ብዙ አድማጭ አላገኘም። አንጎል ውስጥ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ መሣሪያ ገና አልነበረም።

መሣሪያው በስሕተት ተገኘ። በ1953 በሞንትሪያል ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ኦልድስ የተባለ አሜሪካዊና ባልደረባው ፒተር ሚልነር በአይጦች አንጎል ውስጥ ቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ ይተክሉ ነበር። ኦልድስ በሙያው የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ሰው ነው፤ ቀዶ ጥገናውን ገና እየለመደ ነበር። በአንዷ አይጥ ሽቦው ከታለመለት ስፍራ ስቶ ሌላ ቦታ አረፈ። ኤሌክትሪኩ የሚለቀቅባት አይጥ ከመሸሽ ይልቅ የተነካችበትን የሳጥኑን ጥግ እየፈለገች ትመለሳለች። ሁለቱ ሰዎች መጫኛ ሠርተው ኤሌክትሪኩን ለራሷ እንድትለቅ አደረጉ። በቀጣዮቹ ሙከራዎች አንዳንድ አይጦች በሰዓት ከሺህ ጊዜ በላይ መጫኛውን መቱ፤ ተርበው ምግብ አጠገባቸው ተቀምጦ ወደ መጫኛው የሄዱም ነበሩ። ጥናቱ በ1954 ታተመ። ጋዜጦቹ «የደስታ ማዕከል ተገኘ» አሉ። ይህ ስም ለአርባ ዓመት ያህል ተመራማሪዎቹን ራሳቸውን አሳሳተ ብል የተጋነነ አይመስለኝም፤ አይጧ ደስ ይበላት አይበላት የጠየቃት አልነበረም። የታየው መጫኗን ማቆም አለመቻሏ ብቻ ነው።

ሽቦው በነካው መንገድ የሚመላለሰው ኬሚካል ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስም አገኘ። በስዊድን ሉንድ አርቪድ ካርልሰን ጥንቸሎችን ሬሰርፒን በተባለ መድኃኒት አደነዘዛቸው። እንስሳቱ ጆሯቸውን ጥለው እንደ ድንጋይ ተቀመጡ። ዶፓሚን የሚሠራበትን ጥሬ ዕቃ፣ ኤል-ዶፓን፣ ሲወጋቸው በደቂቃዎች ውስጥ ተነሥተው መዝለል ጀመሩ። ዶፓሚን እስከዚያ ድረስ የሌላ ኬሚካል ማምረቻ እንጂ በራሱ መልእክተኛ ነው ተብሎ አይታሰብም ነበር። ካርልሰን በ2000 ኖቤል ተሸለመ። በ1960ዎቹ አጋማሽ የስዊድን ተመራማሪዎች የዶፓሚን ነርቮች በአንጎል ውስጥ የሚሄዱበትን መንገድ በማይክሮስኮፕ ተከትለው ካርታውን አነሡ።

ከዚያ ቬትናም መጣች። በግንቦት 1971 ሁለት የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት ከጦር ሜዳው ሲመለሱ ከወታደሩ ከ10 እስከ 15 በመቶው ሄሮይን ይወስዳል ብለው ሪፖርት አቀረቡ። አገሩ ተደናገጠ፤ በሰኔ ፕሬዚዳንት ኒክሰን አደንዛዥ ዕፅን ቁጥር አንድ የሕዝብ ጠላት ብለው አወጁ። ወታደሩ ሽንቱ ሳይመረመር ወደ አገሩ በሚመልሰው አውሮፕላን እንዳይሳፈር ተደረገ። ሊ ሮቢንስ የተባለች ተመራማሪ ደግሞ ተመላሾቹን እየተከታተለች ምን እንደደረሱ እንድታጠና ተጠየቀች። በመስከረም 1971 ከተመለሱት መካከል 900 ያህሉን አግኝታ አነጋገረች። ግማሽ ያህሉ እዚያ ኦፒየም ወይም ሄሮይን ቀምሰዋል፤ ከአምስቱ አንዱ ሱስ እንደያዘው በራሱ አፍ ተናግሯል።

ቀጥሎ የመጣውን ቁጥር ያመነ ጥቂት ነበር። ቬትናም ሱስ ይዟቸው ከነበሩት ውስጥ አገራቸው በገቡ በመጀመሪያው ዓመት እንደገና ሱሰኛ የሆኑት 5 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ 12 በመቶ። ከሌክሲንግተን የሚወጡት ግን አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ይመለሱበት ነበር። ሄሮይኑ ያው ሄሮይን፣ አንጎሉም የሰው አንጎል ነው። ተመላሹ ወታደር ግን የሄሮይኑን ሰፈር፣ የሄሮይኑን ጓደኛ፣ የሄሮይኑን ፍርሃት ውቅያኖስ ማዶ ትቶ መጥቷል። ሮቢንስ ውጤቱን ለፖለቲካ ብላ አሳምራዋለች እየተባለች ለዓመታት ስትከራከር ኖረች። ዊክለር ግን ገና በሕይወት ነበር፤ ይህን ውጤት ሲያይ የሚገረም አይመስለኝም።

በዚያው ሰሞን በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረችው ካንዳስ ፐርት ከፈረስ ወድቃ ወገቧ ተጎድቶ በሆስፒታል አልጋ ላይ ሞርፊን ስትወስድ ቆይታ ወደ ቤተ ሙከራ ገባች። ሞርፊን እንዲያ ያለ ኃይል ካለው አንጎል ውስጥ የሚገጥምበት ቦታ መኖር አለበት፤ ይህን ብዙዎች ይጠረጥራሉ፣ ያሳየ ግን የለም። በጨረር ምልክት የተደረገባቸውን የሞርፊን ዘመዶች ይዛ ወራት ለፋች፤ አልሆነም። አለቃዋ ሰሎሞን ስናይደር ጊዜ እያባከንሽ ነው፣ ተዪው እንዳላት በኋላ ጽፋለች። እሷ ግን የሞርፊንን ሥራ የሚያግደውን ናሎክሶንን በጨረር አስመልክታ እንደገና ሞከረች፤ ናሎክሶን አጥብቆ የሚይዝ ነገር ነውና ሲታጠብ አልለቀቀም። ጥናቱ በመጋቢት 1973 በሳይንስ መጽሔት ወጣ። በኒውዮርክ ኤሪክ ሳይመንና በስዊድን ኡፕሳላ ላርስ ተሬንየስ በዚያው ዓመት ለብቻቸው እዚያው ደረሱ።

አሁን የሚያስቅ ጥያቄ ተፈጠረ፤ የሰው አንጎል ለአበባ ወተት የሚሆን ተቀባይ ለምን ያበጃል? መልሱን ለማግኘት አንዱ ሩጫ የተጀመረው በስኮትላንድ አበርዲን ከሚገኝ ቄራ ነው። ሃንስ ኮስተርሊትዝ ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ የመጣ፣ ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ነበር፤ ወጣት ባልደረባው ጆን ሂዩዝ በማለዳ ቄራ እየሄደ የአሳማ አንጎል ይሰበስባል። ለቄራው ሠራተኞች ውስኪ ይዞላቸው ይሄድ እንደነበር ይተረካል። አንጎሉ ይፈጫል፣ ይጣራል፣ ጠብታው በኤሌክትሪክ በሚኮማተር የእንስሳ ጡንቻ ላይ ይደረጋል። ሞርፊን የሚያደርገውን ካደረገ፣ ማለትም ጡንቻው ካልተኮማተረ፣ በዚያ ጠብታ ውስጥ የሚፈለገው አለ ማለት ነው። ከአሳማው አንጎል የወጡት በመጨረሻ ሁለት ሆኑ፤ እያንዳንዳቸው ከአምስት አሚኖ አሲድ የተሠሩ፣ በመጨረሻው አንድ ብቻ የሚለያዩ። ኤንኬፋሊን አሏቸው። ውጤቱ በታኅሣሥ 1975 ታተመ። ሰውነት የራሱ ሞርፊን አለው፤ የፖፒው ወተት በሌላ ሰው ቁልፍ ገብቶ ቤት የሚያምስ እንግዳ ነው።

በ1978 ትልቁ የላስከር ሽልማት ለሂዩዝ፣ ለኮስተርሊትዝና ለስናይደር ተሰጠ። የፐርት ስም አልተጠራም። ዝም አላለችም፤ ተቃውሞዋን በደብዳቤ ገለጸች። እንዲህ ማድረጓ ኖቤሉን አስቀረው የሚሉ አሉ፤ የሴት ተማሪን እጅ መደበቅ በዚያ ዘመን እንግዳ ነገር እንዳልነበር ግን ማስረጃ አያሻውም።

በ1975 ደግሞ የጄኔቫው የተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክስ ቤተ ሙከራ ለእኛ ቅርብ የሆነ ቅጠል ላይ ተጠምዶ ነበር። ጫትን በሳይንስ ስም የመዘገበው በ1763 የመን ላይ የሞተው ፒተር ፎርስኮል ነው። በ1930 ካቲን የተባለ ንጥረ ነገር ከጫት ተለይቶ ነበር፤ ነገር ግን ካቲን የምርቃናውን ጉልበት ለማስረዳት በጣም ደካማ ሆኖ ተገኘ። ጉድለቱ የነበረው ተመራማሪዎቹ የደረቀ ቅጠል ይዘው መመርመራቸው ነው። የጄኔቫዎቹ እርጥብ ቅጠል ሲያገኙ ካቲኖንን አወጡ፤ በአሠራሩ የአነቃቂው መድኃኒት የአምፌታሚን ወንድም ነው፣ ቅጠሉ ሲጠወልግ ግን ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። ከአወዳይ የተነሣው አይሱዙ ለምን እንደዚያ እንደሚከንፍ፣ እስሩም ለምን በቅጠል ተሸፍኖ እርጥቡን ይዞ እንደሚጓዝ ኬሚስትሪው ይኸው ነው። ገበሬውና ነጋዴው ከቤተ ሙከራው በብዙ መቶ ዓመት ቀድመው ያውቁታል። ቀጥሎ እዚያው ጄኔቫ ፒተር ካሊክስ ካቲኖን ከጥንቸል አንጎል ቁራጭ ውስጥ ዶፓሚን እንደሚያስለቅቅ አሳየ። ከበርጫ የተነሣ ሰው የሚይዘው ጭፍግግታ፣ ሲተወውም ሌሊት የሚያስጨንቀው ዱካክ፣ የሌክሲንግተን ሰዎች በማዛጋት ላሳዩት ነገር ዘመድ ነው። የጫቱ ከሄሮይኑ ይቀላል፣ መንገዱ ግን አንድ ሰፈር ያልፋል።

ያንን አንድ ሰፈር በስሙ የጠሩት በ1988 በጣሊያን ካልያሪ ዩኒቨርሲቲ ጋኤታኖ ዲ ኪያራና አሱንታ ኢምፔራቶ ናቸው። በሚንቀሳቀሱ አይጦች አንጎል ውስጥ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ፈሳሹን እየቀዱ ለኩ። ሞርፊን፣ ኮኬይን፣ አምፌታሚን፣ አልኮል፣ ኒኮቲን፣ እያንዳንዱ በራሱ ጎዳና መጥቶ ኒውክለስ አኩምቤንስ በተባለችው ትንሽ ስፍራ ዶፓሚንን ከፍ አደረገ። ሱስ የማያስይዙ መድኃኒቶች ይህን አላደረጉም። «የደስታ ኬሚካል» የሚለው ስም ከዚያ ወዲህ ከሬዲዮ እስከ ፌስቡክ ድረስ አልወረደም።

ስሙ ግን በተጣበቀበት ሰሞን መሠረቱ መላቀቅ ጀምሮ ነበር። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ኬንት ቤሪጅ ዶፓሚን የሚያመነጩት ነርቮቻቸው የጠፉባቸውን አይጦች ወሰደ። አይጦቹ ምግብ አጠገባቸው ተቀምጦ በረኃብ ይሞታሉ፤ ተነሥተው አይበሉም። ስኳር በምላሳቸው ላይ ሲደረግ ግን እንደ ማንኛውም አይጥ ከንፈራቸውን ይልሳሉ። ጣዕሙ ደስ ይላቸዋል፤ የጠፋው ፍላጎቱ ነው። በ1993 ቤሪጅና ቴሪ ሮቢንሰን ከዚህ ተነሥተው ሱስ ማለት የሚደጋገመው መድኃኒት የመፈለጉን ሥርዓት እያሰለ፣ እርካታው እየቀነሰ ሐራራው የሚያይልበት ነው ብለው ጻፉ። ለረጅም ጊዜ የቃመን ወይም የጠጣን ሰው ያስጠጋ ይህን ያለ ቤተ ሙከራ አይቶታል። «አሁንስ አይጥመኝም» ይላል፤ ይሄዳልም። ቮልፍራም ሹልትዝ ደግሞ በዝንጀሮዎች ዶፓሚን ነርቮች ላይ ጆሮውን ጥሎ ከረመ። ነርቮቹ መጀመሪያ ጭማቂው ሲመጣ ይጮኻሉ፤ ዝንጀሮው ከለመደ በኋላ ጭማቂውን ለሚያበስረው መብራት ይጮኻሉ፣ ለጭማቂው ዝም። መብራቱ በርቶ ጭማቂው ከቀረ ልክ በሚጠበቅበት ቅጽበት ጸጥ ይላሉ። በ1997 ከሁለት የሒሳብ ሰዎች ጋር ያሳተመው ጥናት ዶፓሚንን ከደስታ ወደ ተስፋ አዛወረው። ዊክለር ያየው የሰፈር ጥግ ነርቭ ላይ ተነበበ።

ይህ ሁሉ ለምን አንዱ ቀምሶ እንደሚተው፣ ሌላው ቀምሶ እንደሚቀር አይናገርም። ያንን የያዙት ሌሎች ሰዎች ናቸው። በ1973 ዶናልድ ጉድዊንና የዴንማርክ ባልደረቦቹ ሕፃን ሳሉ ለማደጎ የተሰጡ ወንዶችን መዝገብ አገላበጡ። ከወላጆቻቸው አንዱ የመጠጥ ሱሰኛ ከነበሩት 55 ውስጥ 18 በመቶው ሱሰኛ ሆነዋል፤ ከሌሎቹ 78 ውስጥ 5 በመቶ። የሚያሳድጓቸው እጆች የወላጆቻቸው አይደሉም፤ ደማቸው ግን የወላጆቻቸው ነው። ቀጥሎ የመጡት የመንትዮች ጥናቶች በሰዎች መካከል ካለው የሱስ ተጋላጭነት ልዩነት ግማሽ ያህሉ ከውርስ እንደሚመጣ አሳዩ። ግማሽ ማለት ግን አንድ ሰው ግማሹ የተጻፈ ነው ማለት አይደለም፤ ቁጥሩ ስለ ሕዝብ ይናገራል፣ ስለ ግለሰብ ዝም ይላል።

በሚያዝያ 1990 ኬኔት ብሉምና ኧርነስት ኖብል አንድ ዘረመል ያዝን አሉ። 70 የሟቾች አንጎል መርምረው የዶፓሚን ዲ-2 ተቀባይ ዘረመል አንድ ዓይነት ቅጂ በ69 በመቶ የመጠጥ ሱሰኞች፣ በሌሎቹ ግን በ20 በመቶ ብቻ አገኙ። የጋዜጦቹ ርዕስ «የመጠጥ ዘረመል» ሆነ። ዓመቱ ሳያልቅ የአሜሪካ መንግሥት ተመራማሪዎች ሌሎች ሰዎች ላይ ፈልገው ግንኙነቱን አጡት። አንዱ ችግር ቅጂው ከሕዝብ ወደ ሕዝብ ብዛቱ መለያየቱ ነው። ሱሰኞቹና ጤነኞቹ ከተለያየ ዘር ከመጡ የሚለካው ሱስ ሳይሆን የትውልድ አገር ይሆናል። በ2004 ደግሞ ቅጂው የተባለው ነጥብ ከነጭራሹ በተቀባዩ ዘረመል ውስጥ ሳይሆን በጎረቤቱ ውስጥ እንደሚገኝ ታወቀ።

የሚገርመው ጽኑውን ማስረጃ የሰጠው ጉበት መሆኑ ነው። ከጃፓን፣ ከቻይናና ከኮሪያ ሰዎች ብዙዎቹ አልኮል ሲቀምሱ ፊታቸው ይቀላል፣ ልባቸው ይመታል፤ የአልኮልን መርዛማ ቅሪት የሚሰብረው ኢንዛይማቸው ደካማ ነው። ይህንን ድክመት ከሁለቱም ወላጆቻቸው የወረሱት መጠጥ ሱስ ሲይዛቸው እምብዛም አይታይም፤ መጠጡ ገና ከመጀመሪያው ይቀጣቸዋልና። በእኛም ወገን አለ። በ1996 እሌኒ አክሊሉና የስዊድን ካሮሊንስካ ባልደረቦቿ እንዳሳተሙት ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ ያህሉ ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለውን የጉበት ዘረመል ከተለመደው በላይ ቅጂ ይዘው ይወለዳሉ። ኮዴይንን ወደ ሞርፊን የሚለውጠው ይህ ዘረመል የሚሠራው ኢንዛይም ነው፤ ስለዚህ ለስዊድናዊው ቀላል የሳል ሽሮፕ የሆነው ለአንዳንዱ የአዲስ አበባ ሰው ሳይታሰብ ከበድ ያለ ሞርፊን ይሆናል። የኢትዮጵያ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2015 ኮዴይንን አገደ።

በሕይወት ባለ ሰው አንጎል ውስጥ ተቀባዮቹን ማየት የተቻለው በፔት ስካን ነው። ሜክሲኮ ከተማ ውስጥ የተወለደችው፣ የትሮትስኪ የልጅ ልጅ ልጅ ኖራ ቮልኮቭ በብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ የኮኬይን ሱሰኞች ዲ-2 ተቀባይ ከጤነኞቹ ያነሰ መሆኑን አሳየች። ሱሱ ያሳነሰው ነው ወይስ አንሶ የተገኘው ወደ ሱስ የሳበው? በ2002 በሰሜን ካሮላይና የዌይክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዝንጀሮዎች ለየብቻ ተቀምጠው ሳሉ ተቀባዮቻቸውን ለኩ፤ ከዚያ በቡድን አኖሯቸው። አለቃ የሆኑት ተቀባያቸው ጨመረ፣ ኮኬይን ሲቀርብላቸውም እምብዛም አላስደሰታቸውም። የተገፉት ተቀባያቸው እንዳለ ቀረ፤ ኮኬይኑን ግን ራሳቸው እየተወጉ ወሰዱ። ዘረመላቸው ባልተለወጠ እንስሳት ላይ ወንበር መያዝና መገፋት በኬሚካሉ ላይ ታየ።

ዘረመል ፈላጊዎቹም ትልቅ መረብ መጣል ተማሩ። በ2008 ሦስት ቡድኖች በአሥራ አምስተኛው ክሮሞዞም ላይ የኒኮቲን ተቀባይ ዘረመሎችን አገኙ፤ እያንዳንዱ ቅጂ ለአጫሹ በቀን የሚጨምረው አንድ ሲጋራ ያህል ነው። ከሰማይ የወረደ ፍርድ የጠበቀ ሰው ይህን ሲሰማ ያዝናል፤ ተመራማሪዎቹ ግን ደስ አላቸው፣ ግኝቱ ጸንቶ ቆሟልና። በ2019 ከ1.2 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ከሲጋራና ከመጠጥ ጋር የተያያዙ ከ400 በላይ የዘረመል ስፍራዎች ተለዩ። በ2023 ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎችን ያካተተ ሌላ ጥናት ለአልኮል፣ ለትምባሆ፣ ለካናቢስና ለኦፒዮይድ (ለሞርፊንና ለዘመዶቹ) ሱስ በአንድነት የሚቆጠሩ 19 ነጥቦች አወጣ፤ የዶፓሚንን ምልክት የሚቆጣጠሩ ዘረመሎች ከዋነኞቹ ናቸው። እያንዳንዱ ነጥብ ብቻውን ሲመዘን ኢምንት ነው።

በታኅሣሥ 2023 ግን የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከጉንጭ በጥጥ በሚወሰድ ናሙና የኦፒዮይድ ሱስ ተጋላጭነትን እለካለሁ የሚል አቨርትዲ የተባለ ምርመራ አጸደቀ። የሚያነበው 15 ነጥቦችን ነው፤ የዲ-2 ተቀባይ ዘረመል አንዱ ነው። ከዓመት በፊት የመሥሪያ ቤቱ አማካሪ ባለሙያዎች 11 ለ2 ተቃውመውት ነበር። አሌክሳንደር ሀቱምና ባልደረቦቹ በ2021 ባሳተሙት ጥናት እንዲህ ያሉ ጥቂት ነጥቦች የሰዎቹ የዘር አመጣጥ ሲመጣጠን ሱሰኛን ከጤነኛ በመለየት ሳንቲም ከመወርወር እንደማይሻሉ፣ ይልቁን አንድ ሰው ከአፍሪካ ይምጣ ከአውሮፓ በደንብ እንደሚለዩ አሳይተዋል። በሚያዝያ 2024 ላይ 31 ባለሙያዎች ፈቃዱ እንዲነሣ ለመሥሪያ ቤቱ ጻፉ። ከሚያሠጉት ሰዎች አንዱ «ተጋላጭ ነህ» ተብሎ ከቀዶ ጥገና በኋላ የሕመም ማስታገሻ የሚነፈገው ነው፤ ሌላው «አይደለህም» ተብሎ የተሰጠውን ክኒን ሳይሠጋ የሚጨርሰው።